መጠይቁ ላይ ያልነበረው ጥያቄ

አጎቴ የደቅ ሰው ናቸው። ስኳር ከያዛቸው ዓመታት አልፈዋል። እግራቸው ስለደነዘዘ ውስጥ እግራቸው ሲቆስል አልተሰማቸውም፤ ያወቁት ጫማቸው ረጥቦ ሲያገኙት ነው። ባሕር ዳር አምጥተን አሳየናቸው። «በየሁለት ቀኑ እየመጡ ያሳጥቡ፣ እግሩን አይርገጡበት» ተባሉ። ከደቅ ባሕር ዳር በጀልባ ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ እኔ ዘንድ ከረሙ።

አንድ ቀን ተራ ስንጠብቅ መጠይቅ የያዘ ወጣት መጣ። ጥናት ነው።

«በባዶ እግርዎ ይሄዳሉ?»

«ቤተ ክርስቲያን ስገባ ነዋ!»

ልጁ ቅጹን አየ። ያለው «አዎ» እና «አይ» ብቻ ነው። «አዎ»ን አከበበ። በዚያች ክብ አጎቴ «ለእግራቸው ከማይጠነቀቁት» ተርታ ገቡ ማለት ነው። ሲጨርስ «ልጄ፣ እኔስ የምጠይቀው አይኖረኝም?» አሉት። ወረቀቱ ላይ ለዚያ ቦታ አልነበረም። (ልጁን አልወቅሰውም። ሥራ ሲጠፋ እኔም መጠይቅ እያስሞላሁ እንጀራ በልቻለሁ።)

ማታ «ምን ሊጠይቁት ኖሯል?» አልኳቸው። ሦስት ነገር ነበር። ፋሻው እዚያው ደቅ ቢቀየር ምን ይጎድለዋል? ቅዳሴ ላይ በካልሲ ብቆም ይጠቅመኛል? መቼ ነው ሞፈር የምጨብጠው?

እያንዳንዱ ጥናት ይወጣዋል። አጥኚ የቁስሉን ስፋት በሴንቲሜትር ይለካል፤ አጎቴ የሚቆጥሩት የእርሻውን ወቅት ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር እግር መመሪያ እንዲህ ላለው የውስጥ እግር ቁስል አስቀድሞ የሚመክረው እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ በሽተኛው ራሱ የማያወልቀው መደገፊያ ነው። ክብደቱን ከቁስሉ ላይ ያነሳል፤ ጥሩ ነገር ነው። ግን ያን አጥልቆ ጀልባ ላይ እንዴት ይወጣል? በክረምት ጭቃስ? ይህን ቀድሞ የሚያነሳው ፕሮፌሰሩ አይደለም።

አይቻልም እንዳትሉኝ፤ ጅምሩ እዚሁ ጎጃም አለ። በባዶ እግር አፈር ላይ ከመሄድ የሚመጣውን የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስን፣ ለማከም ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ትልቅ የሕክምና ሙከራ ተደርጓል። እግር ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ነበር ሕክምናው፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ ወጣ። ሙከራው ከመጀመሩ በፊት አጥኚዎቹ ሕሙማኑና የአካባቢው ሰው ዘንድ ሄደው፣ ነገሩ እንዴት ቢነገር፣ ፈቃድስ እንዴት ቢጠየቅ እንደሚሻል ጠየቁ። ይህ ስለ ፈቃድ አጠያየቅ ነው፤ ምን ይጠና የሚለውን በሽተኛው መረጠ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የተሻሻለው የሄልሲንኪ መግለጫ ግን ከዚያም ይሻገራል፤ ተሳታፊዎችና ማኅበረሰባቸው ቅድሚያ የሚሰጡትን እንዲናገሩ፣ በጥናቱ ንድፍም እንዲሳተፉ አጥኚዎች መንገድ ይክፈቱ ይላል።

«ገበሬ ስለ ምርምር ምን ያውቃል?» የሚሉኝ አሉ። ስታትስቲክሱን ማን ስጡት አለ? እሱ የሚያውቀው ጀልባውን ነው። ደግሞ አንድ እንግሊዝኛ የሚናገር የከተማ በሽተኛ ስብሰባ ላይ አስቀምጦ ፎቶ ማንሳትም አይቆጠርም። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ፕሮፖዛል ሲቀበሉ አንድ ነገር ይጠይቁልን፦ ከየትኞቹ ሕሙማን ጋር ተነጋገራችሁ፣ ከዚያስ በኋላ ምን ቀየራችሁ? ለመጡበት ቀን አበልና የጀልባ ሒሳብም በጀቱ ውስጥ ይግባ። ለአጥኚው አለ አይደል?

አጎቴ እርሻው ሲደርስ ቀጠሯቸውን ትተው ተሳፈሩ። ካርዳቸው ላይ «ክትትል ያቋረጠ» ተብሎ ተጽፏል። ያሉት ደቅ ነው። አድራሻቸውም እዚያው ካርድ ላይ አለ።