ጨረር የለሹ የአጥንት መለኪያ ምን ያህል ያዋጣል?

ተረከዝን በአልትራሳውንድ እየለካ የአጥንትን ጥንካሬ የሚገምተውን መሣሪያ ለገበያ የሚያቀርቡ ወኪሎች አስቀድመው የሚያነሱት «ጨረር የለውም» የሚለውን ነጥብ ነው። አባባሉ እውነት ነው። ይሁንና በዚህ መስክ ገንዘቡን ለማዋል ያሰበ ባለሀብት በዚህ አንድ ቃል ብቻ ተማርኮ ውል ቢፈርም ሒሳቡን ከወዲሁ አበላሸ ማለት ነው።

መሣሪያው የሚወዳደረው ዴክሳ ከሚባለው የራጅ መለኪያ ጋር ነው። ዴክሳ በዳሌና በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ያለውን የማዕድን መጠን ይለካል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 የአጥንት መሳሳት በሽታ የሚለይበትን ወሰን ሲያወጣ የተመረኮዘው በዚህ ዓይነቱ ልኬት ላይ ነበር፤ የተመርማሪዋ አጥንት ከጤናማ ወጣት ሴቶች ጋር ተነጻጽሮ ነጥቧ ከዜሮ በታች 2.5 ወይም ከዚያ የወረደ ከሆነ በሽታው አለባት ይባላል። ዴክሳ ጨረር ይጠቀማል፤ ነገር ግን መጠኑ ማንኛውም ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተፈጥሮ ከሚያገኘው የሚበልጥ አይደለም። እንግዲህ ጨረር የለሽ መሆን የደንበኛን ሥጋት ያበርድ ይሆናል እንጂ የገበያ ብልጫ ሊባል አይችልም።

ትክክለኛው ብልጫ ሌላ ነው። መሣሪያው በመኪና ተጭኖ ከክሊኒክ ወደ ክሊኒክ ይዞራል፣ ለብቻው የታነጸ ክፍል አያሻውም፣ ልኬቱም በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ድምፁ በተረከዙ አንድ ጎን ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ በጠንካራ አጥንት ውስጥ ይፈጥናል፣ ብዙም ይዋጣል፤ በሳሳው ውስጥ ግን ይዘገያል፣ የሚዋጠውም ያንሳል። የድምፁን መዋጥ በመለካት ስለ አጥንት ማወቅ እንደሚቻል እንግሊዛዊው ክርስቲያን ላንግተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ካሳዩ ወዲህ ዘዴው ብዙ ተፈትኗል። በእንግሊዝ አገር በኖርፎክ ከ14,000 በላይ ወንዶችና ሴቶች ተለክተው እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ጥናት፣ የተረከዛቸው ልኬት ዝቅተኛ የሆነባቸው ሰዎች የመሰበር አደጋቸው ከፍተኛ መሆኑን አረጋግጧል።

ታዲያ ይህን ዓይነቱን ገበያ ማን ፈጠረው? ለዚህ የአሜሪካ ታሪክ ጥሩ ትምህርት ይሆናል። ሜርክ የተባለው ኩባንያ ፎሳማክስ የተሰኘውን የአጥንት መሳሳት መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1995 ለገበያ አቀረበ። አጥንቷ መሳሳቱን ያላወቀች ሴት ግን መድኃኒቱን አትገዛም። ስለዚህም ኩባንያው የአጥንት ልኬትን የሚያስፋፋ ተቋም አቋቁሞ አነስተኛ መለኪያዎች በየሐኪሙ ቢሮ እንዲገቡ ገፋ፤ ቡና ገዢው ሚዛኑን ራሱ ይዞ ሲመጣ እንደማለት ነው። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ሕግ፣ ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የጤና መድን ከሐምሌ 1998 ጀምሮ ለአጥንት ልኬት እንዲከፍል አዘዘ። የሆሎጂክ ኩባንያ ሳሃራና የሉናር ኩባንያ አኪለስ የተባሉት የተረከዝ መለኪያዎችም በዚያው በ1998 ፈቃድ አገኙ። የቀኖቹ መገጣጠም በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም፤ ከፋይ ሲገኝ ሻጭ አይጠፋም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ 140 ዶላር ይደርስ የነበረው ለግል ሐኪሞች የሚከፈል የዴክሳ ክፍያ በ2007 ወደ 80 ዶላር ገደማ ሲወርድ፣ አያዋጣንም ብለው አገልግሎቱን የተዉ ሐኪሞች ብዙ ነበሩ።

የመድን ከፋይ በሌለበት ገበያ የሚከፍለው ሕመምተኛው ከኪሱ ነው። ስለሆነም የሚሸጥለት ወረቀት ምን እንደሚሠራለት መታወቅ አለበት። የተረከዝ ልኬት ነጥብ ከዴክሳ ነጥብ ጋር አንድ አይደለም፤ አንዲት ሴት በአንዱ ጤናማ፣ በሌላው ሕመምተኛ ልትባል ትችላለች። መድኃኒት የጀመረ ሰው መሻሻሉን ለመከታተልም አያገለግልም። ይህ ማለት አስመጪው በዕቅዱ ላይ «ደንበኛው በየዓመቱ ይመለሳል» ብሎ ከጻፈ መሠረት የለውም። መሣሪያው ወንፊት ነው። የወንፊቱን ቅሪት የሚቀበል ዴክሳ ያለው ሆስፒታል ወይም የሚያክም ሐኪም ከሌለ፣ በመድኃኒት ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ መለካት ያለ በሽታ መድኃኒት የሚገዙ ወይም አደጋ እያለባቸው «ደህና ነሽ» ተብለው የሚሸኙ እናቶችን ያበዛል።

በቅርብ ዓመታት ሬምስ የተባለ ዘዴ ብቅ ብሏል። የጣሊያን ሌቼ ከተማው ኢኮላይት ኩባንያ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካን ፈቃድ ያገኘ ሲሆን፣ ድምፁን የሚልከው ወደ ዳሌና አከርካሪው ራሱ ነው። የዴክሳ እውነተኛ ተፎካካሪ የሚመጣ ከሆነ ከዚህ ወገን ይመስላል፤ ሆኖም የለካዩን እጅ ችሎታ ይጠይቃል።

ለአገር ቤት አስመጪ የዋጋው ጉዳይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ቀላል አይደለም፤ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምዝገባም አለ። ፕሮፎርማው ላይ ከመፈረሙ በፊት ግን ሻጩ ሁለት ነገር ይጠየቅ፤ የመሣሪያው ማስተካከያ ናሙና ከዕቃው ጋር ይመጣ እንደሆነና፣ ነጥቡ የሚሰላው ከየትኛው አገር ወጣቶች ጋር ተነጻጽሮ እንደሆነ። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሌለው ወኪል ቅናሽ ቢያደርግም አይጠቅምም።