ከመንገድ የተመለሰው ማርቆስ

ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠሩና ከተማዋም በዚያው ስም ተጠራች። ይህን በከተማችን የማያውቅ የለም። የማርቆስን የወጣትነት ታሪክ ግን ሚያዝያ 30 በዓሉን ስናከብር እንኳ እምብዛም አናነሣውም። ወንጌላዊው፣ ሰማዕቱ ብለን እናልፋለን።

ማርቆስ መንገድ አቋርጦ የተመለሰ ሰው ነው። ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ለስብከት ወጥቶ ጵንፍልያ ሲደርሱ ተለይቷቸው ኢየሩሳሌም ገባ። ምን እንደ ገጠመው የሐዋርያት ሥራ አይነግረንም። ለሁለተኛው ጉዞ ሲነሡ በርናባስ አብሮን ይሂድ አለ፤ ጳውሎስ ደግሞ ጥሎን የሄደ ሰው አይከተለንም ብሎ አሻፈረኝ አለ። በዚህ የተነሣ ሁለቱ ተለያዩ። በርናባስ የዘመዱን ልጅ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ በመርከብ ሄደ።

ከዓመታት በኋላ ያው ጳውሎስ በእስር ቤት ሞቱን እየጠበቀ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስ ለአገልግሎት ይጠቅመኛልና ይዘኸው ና ብሎ ላከበት። ያ ጥሎ የሄደ ልጅ ወንጌል ጻፈ፤ እስክንድርያ ላይም መንበር ተከለ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ ለዘመናት ጳጳስ ሲሾምላት የኖረው ከዚያው መንበር ነው። የራሷን ፓትርያርክ ያገኘችው በ1951 ዓ.ም. ነው።

እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ልቤ የሚያርፈው በርናባስ ላይ ነው። እርሱ እጁን ባይዘው ማርቆስ በምን ይመለስ ነበር?

በአገራችን ዛሬ ማርቆሶቹ ብዙ ናቸው። ትምህርቱ የተቋረጠበት፣ በጦርነት ወንድሙን ያጣ፣ ሐዘኑን በአረቄ ሊረሳ ሞክሮ ዕዳና ሐፍረት የተረፈው ወጣት በየሰፈሩ አለ። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንዱን አየሁት። ቅዳሴው እስኪያልቅ ከቅጥሩ ውጭ ጥድ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ጠበል ጠጥተው የወጡ እናቶች «ይኼ የእገሌ ልጅ አይደለም?» እየተባባሉ አለፉት። አንድ አረጋዊ ቄስ ግን መቋሚያቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ወደ እርሱ ሄዱ። ምንም ሳይጠይቁ መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አሳረፉለት፤ ልጁም ተሳለመ። «ማታ ቤት ና ልጄ፤ እኔም ብቻዬን ነኝ፤ ቁጭ ብለን እንጫወታለን» አሉት።

ምን እንደ ተናዘዘ፣ ምን ቀኖና እንደ ሰጡት አላውቅም፤ የሁለቱ ምሥጢር ነው። ዛሬ ግን ከቅጥሩ ውስጥ ገብቶ ያስቀድሳል፤ እሑድ እሑድ ለሰንበቴው ውኃ ይቀዳል። ፊቱ ተመልሷል።

በሥርዓታችን ንስሐ የነፍስ አባት የሚያስፈልገው ሰው ብቻውን ከወደቀበት መነሣት ስለሚያቅተው ይመስለኛል። ክርስቶስ ይቅር ይላል፤ ያንን ይቅርታ በእጅ የሚዳሰስ የሚያደርገው ግን መስቀል ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። ስለዚህ አባቶቻችን ሆይ፣ የጠፉባችሁን የነፍስ ልጆች ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ ፈልጉልን። እኛ ምእመናንም ከቅጥር ውጭ የቆመ ልጅ ስናይ የማን ልጅ ነው ከማለታችን በፊት እንደምን አደርህ እንበለው።