የሸክሙ ባለቤት ትናገር

ከእንጦጦ ጋራ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ ኮተቤ የሚወርዱትን መንገዶች የሚያውቅ አዲስ አበቤ ሁሉ እንጨት ተሸካሚዎቹን ሴቶች ያውቃቸዋል። ብዙዎቹ ኑሮ ከገጠር ያፈለሳቸው ናቸው። ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጎበጠ ወገባቸው ተሸክመው ቁልቁል ሲወርዱ ኖረዋል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ለመዲናይቱ ማገዶ ሲሆን፣ የእንጀራዋ ምጣድ የጋለው በእነዚህ ሴቶች ጀርባ ነው።

ስለ እነርሱ የሚነገረውን ግን እንመርምር። በደን ጥበቃ ቋንቋ «ደን ጨፍጫፊ»፣ በዕርዳታ ፕሮጀክት ቋንቋ «ተጋላጭ የኅብረተሰብ ክፍል»፣ በልማት ሪፖርት ደግሞ «ተጠቃሚ» ይባላሉ። አንዲት ሴት፣ ሦስት ስም! የዲስኩር ትንተና የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ስሙ ምን ይሠራል ብሎ በመጠየቅ። «ጨፍጫፊ» የተባለች ትባረራለች፤ «ተጋላጭ» የተባለች ትታዘንላታለች። ግን ያጋለጣት ማን ነው? ቃሉ ይህን ይሰውራል። በእንጦጦ ግርጌ ሸክሙን ትተው ሽመና የያዙት ሴቶች ማኅበር እንኳ የሚጠራው «የቀድሞ እንጨት ተሸካሚዎች» በሚል ነው። ሸክሙ ወርዷል፤ ስሙ አልወረደም። በሰምና ወርቅ ላደግን ሰዎች ይህን ማስተዋል ሊከብደን ባልተገባ ነበር።

የትረካ ትንተና ደግሞ ሌላውን በር ይከፍታል። ላቦቭና ዋሌትስኪ እ.ኤ.አ. በ1967 እንዳሳዩት፣ ተራኪ የሆነውን ብቻ አይናገርም፤ ታሪኩ ለምን ሊነገር እንደተገባውም ያመለክታል። «በቀን ስንት ሸክም?» የሚል መጠይቅ ቁጥር ያገኛል። «ውሎሽን አጫውቺኝ» የሚል ግን ሕይወት ያገኛል። ስለ እንጨት የተጠየቀች እናት ስለ ልጇ ደብተር ብትመልስ፣ ከርዕስ ወጣች አይባልም፤ እውነተኛውን ርዕስ ነገረችን እንጂ።

«ወግ መረጃ አይሆንም» የሚሉ አሉ። ቁጥር አያስፈልግም አላልኩም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተመው የእነዚህ ሴቶች ጥናት የችግሩን ስፋት አሳይቷል። ሚዛን ግን የሸክሙን ክብደት እንጂ ሴቲቱ በማግስቱ ለምን እንደተመለሰች አይነግረንም። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት ተራራው መዝናኛ ተባለ። ለሴቲቱስ ምን ሆነ? መልሱ ያለው እርሷ ዘንድ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አይዘንጋ። መተዳደሪያዋ ክልክል የሆነባት ሴት ውሎዋን ስትተርክ ሳታውቀው በራሷ ላይ ልትመሰክር ትችላለች። ስሟንና የምትወጣበትን መንገድ የማይሰውር ተመራማሪ በሸክሟ ላይ ሸክም ይጨምራል።

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» እንላለን። ባለቤቲቱ ስትናገር ኖራለች፤ እኛ ግን የሰማነው የራሳችንን ቃል ነው።