«ለዘብተኛውን ወገን ደግፉ» የሚሉ አማካሪዎችና የባግዳዱ ምርመራ

በዲያስፖራ የፖሊሲ መድረኮች አንድ ምክር ደጋግሞ ይሰማል፤ መንግሥት በሙስሊሙ ኅብረተሰብ ውስጥ ለዘብተኛውንና በአመክንዮ የሚመራውን ወገን ለይቶ ይደግፍ፣ ቃሉን እንደ ወረደ የሚቀበለውን ያርቅ የሚል። ምክሩ እንደ አዲስ ግኝት ይቀርባል። ይሁንና በ833 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ ቀመር ነው) ባግዳድ ላይ ተሞክሯል፤ የሞከሩትም የአመክንዮ ሰዎች ነበሩ።

የክርክሩ ሥር ይህ ነው። ቁርኣን ስለ አላህ እጅ፣ ስለ ፊቱና ከዐርሹ በላይ ስለ መሆኑ ይናገራል። በምዕራፍ 42 ቁጥር 11 ደግሞ እርሱን የሚመስል አንዳች እንደሌለ ገልጾ፣ እዚያው ላይ ሰሚና ተመልካች ይለዋል። ሙዕተዚላዎች ፈጣሪን ከፍጡር ማመሳሰል፣ ማለትም ተሽቢህ፣ አንድነቱን ያፈርሳል ብለው እነዚህን ቃላት በምሳሌያዊ ፍቺ ተረጎሙ፤ ቁርኣንም ፍጡር ነው አሉ። የሐዲስ ሊቃውንት በበኩላቸው የተነገረውን እንደተነገረ እንቀበላለን፣ «እንዴት?» ብለን አንጠይቅም አሉ። ሁለቱም አቋሞች ብርቱ አሳቢዎች ነበሯቸው። ጥፋቱ የጀመረው ኸሊፋው አል-መእሙን ከሙዕተዚላዎች ጎን ቆሞ ክርክሩን የመንግሥት ሥራ ባደረገ ጊዜ ነው።

የባግዳዱ ገዥ ኢስሓቅ ኢብን ኢብራሂም ዳኞችንና ሊቃውንትን ሰብስቦ የኸሊፋውን ደብዳቤ አነበበላቸው። ታሪክ ጸሐፊው አጥ-ጠበሪ እንደመዘገበው፣ ተራው የደረሳቸው ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል ያንኑ አንቀጽ በመጥቀስ መለሱ። ከተሰብሳቢው አንዱ፣ ሰውየው አላህ በጆሮ ይሰማል፣ በዓይን ያያል ማለታቸው ነው ሲል ወነጀላቸው። ገዥው የቃሉን ፍቺ ቢጠይቃቸው፣ አላህ ራሱን እንደገለጸው ነው አሉ። ደግሞ ቢጠይቃቸው፣ ፍቺውን እንደማያውቁ ተናግረው የቀደመ መልሳቸውን ደገሙ። ልብ በሉ፤ ጆሮን ያነሣው ከሳሹ እንጂ ተከሳሹ አይደለም። ምርመራውን ያላለፈ ሰው ምስክርነቱ በፍርድ ቤት ተቀባይነት አጣ። ኢማሙ በአል-ሙዕተሲም ዘመን ተገረፉ፤ በ846 ደግሞ ኸሊፋው አል-ዋሲቅ አሕመድ ኢብን ነስር አል-ኹዛዒን በገዛ እጁ በሰይፍ መታ።

ተሽቢህ የሚባል አስተምህሮ ፈጽሞ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ የኹራሳን ከራሚያዎች ለአላህ «አካል» የሚለውን ቃል እስከመጠቀም ደርሰዋል። ነገር ግን ስሙ ከአስተምህሮው ይልቅ ፈጥኖ ይዛመታል። ኢብን ተይሚያ በ1306 ካይሮ ላይ የታሰሩት በዚሁ ክስ ነበር። ተጓዡ ኢብን ባጡጣም ደማስቆ ውስጥ ከመስጊድ መድረክ አንድ ደረጃ ወርደው አላህ እንዲህ ይወርዳል ሲሉ ሰማሁ ይላል። እርሱ ደማስቆ የገባው ግን በነሐሴ 1326 ነው፤ ሰውየው በሐምሌ ታስረው ነበር። ታሪኩ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ለምን እንደሚጠቀስ መገመት አያዳግትም።

የእኛም ድርሻ አለ። የሐረሩ ተወላጅ ሼኽ ዐብደላህ አል-ሐረሪ ቤይሩት ተሻግረው ያስተማሩት፣ ተከታዮቻቸው «አሕባሽ» (ሐበሾች ማለት ነው) የተባሉበት ትምህርት፣ አላህን በቦታና በአቅጣጫ የሚገልጹትን አጥብቆ ያወግዛል። ይህ መብታቸው ነው። ከ2011 ጀምሮ ግን በርካታ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ይህ አስተምህሮ በመጅሊሱ ሥልጠናዎች አማካይነት፣ በመንግሥት እጅ ተጫነብን ብለው አወሊያ ላይ ተሰባሰቡ። መንግሥት አስተባበለ። የተቃውሞው አስተባባሪዎች በ2012 ታሰሩ፤ በ2015 በፀረ ሽብር ሕጉ እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው።

«የጸጥታ ሥጋት ነበረ» ይሉኛል። ቦምብ ያጠመደ ሰው ስለ ቦምቡ ይጠየቅ፤ ለዚያ ዐቃቤ ሕጉ ስለ ዐርሹ የሚያምነውን መመርመር አያስፈልገውም። «ዛሬ የምንደግፈው ትክክለኛውን ወገን ነው» የሚሉ ደግሞ የባግዳድን ቀጣይ ምዕራፍ ያንብቡ። አል-ሙተወኪል ምርመራውን አቆመ። በ1017 ደግሞ ኸሊፋው አል-ቃዲር ያንኑ መሣሪያ አዙሮ፣ የሙዕተዚላን ትምህርት የያዙ የሕግ ሊቃውንት ንስሓ እንዲገቡ አስገደደ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ሲል ለዘብተኛን ከአክራሪ አልለየም። «ለዘብተኛውን ደግፉ» የሚሉን አማካሪዎች ኢስሓቅ ኢብን ኢብራሂም የጠየቀውን ጥያቄ በየትኛው ሚኒስቴር በኩል ሊያስጠይቁ እንዳሰቡ በጽሑፋቸው ይግለጹልን።