የጎጆ ዋጋ

ጎጆ እንደዛሬ ተወዶ አያውቅም። የጭቃ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን፣ በጀበና የሚፈላ ቡና እንጦጦ አናት ላይ ሲሆኑ «ባህላዊ» ይባሉና ዋጋቸው ሰማይ ይነካል። ቁልቁል የካ ውስጥ ያው የጭቃ ቤት «ደሳሳ» ነው።

የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ተራራው እንግዳ በዝቶበታል። ይሁን፣ ደግ ነው! እኔም ከባሕር ዛፉ መሐል፣ ስሙን ከማልጠራው ማደሪያ አንድ ሌሊት አድሬያለሁ። አልጋው ይመቻል። የጎደለው ባህሉ ነው። የእኛ ባህል እኮ የመሸበትን መንገደኛ «ቤት ለእንግዳ» ብሎ፣ እግሩን አጥቦ ማሳደር ነበር። ጣይቱ ሆቴል ሲከፈት፣ ለበሉት መክፈል መኳንንቱን ግራ አጋብቷቸው እንደነበር ይተረካል።

ሁሉ በነፃ ይደር አልልም፤ ነጋዴ ማትረፍ አለበት። ግን በምኒልክ ዘመን መተከል የጀመረው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ያሞቀው በማን ጀርባ ነው? ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁለቱን በወረዱ እናቶች ጀርባ አይደለም? ባደርኩበት ቤት የእንጨት ተሸካሚ ሴት ሥዕል ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ባለ ሥዕሏ ግን በዚያ በር በእንግድነት ልትገባ አቅሟ አይፈቅድም።

እንግዲህ «ባህላዊ» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ሁሉ እንጀራውን ከሠፈሩ እናቶች ይግዛ፤ የሠፈሩን ልጅ ይቅጠር፤ በዓመት ጥቂት ሌሊት እንኳ ጎረቤቱን በአቅሙ አስከፍሎ ያሳድር። ይህ ከከበደው ሰሌዳውን ያውርድና «ውድ ሆቴል» ብሎ ይጻፍ። ያን ጊዜ ማንም አይወቅሰውም።