የደብረ ብርሃን ብርድና የእናታችሁ ክኒን

የዚህ ወር ዓምዳችን በተለይ የሚመለከተው እናንተ አዲስ አበባ ሆናችሁ እናት ወይም አባታችሁ ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር ወይም እዚያው ሰሜን ሸዋ ውስጥ የሚኖሩትን ነው። እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ለበዓል ትሄዳላችሁ፣ ዘይቱንና ስኳሩን ታወርዳላችሁ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ የመድኃኒት ከረጢት ታያላችሁ። «እማዬ፣ ክኒንሽን እየወሰድሽ ነው?» «አዎ ልጄ፣ ተመስገን ደህና ነኝ።» በዚህች መልስ ተረጋግታችሁ በማግስቱ ትመለሳላችሁ።

ነርስ ግን እንዲህ አይጠይቅም። «ክኒኑን ያምጡልኝና አብረን እንቁጠረው» ይላል። ከወር በፊት 30 ፍሬ የተሰጣቸው እናት ዛሬ 19 ከቀራቸው መልሱ እዚያው አለ። ይህ ሲሆን መቆጣት ምንም አይጠቅምም፤ የተቆጡት እናት በሚቀጥለው ጊዜ ክኒኑን ደብቀው ይጠብቋችኋል። ለምን እንደቀረ መጠየቅ ግን ይጠቅማል፤ ምክንያቱ ሁልጊዜ አለና።

የመጀመሪያው ምክንያት ያው «ደህና ነኝ» የሚለው ነው። የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ ከ30 እስከ 79 ዓመት ካሉ ሰዎች 1.28 ቢሊዮን የሚሆኑት ግፊት እንደነበረባቸው፣ ከእነዚህም ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው እንደማያውቁ ገልጿል። በሀገራችን በ2007 ዓ.ም. በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናትም ከ100 አዋቂዎች ወደ 16 በሚሆኑት ላይ ከፍ ያለ ግፊት ተገኝቷል። ክኒኑ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ይይዘዋል እንጂ ነቅሎ አያስወጣውም። ለደብረ ብርሃን ሰው ይህን ለማስረዳት ቀላል ነው፤ ብርድ ልብሱን ደርበው ስለሞቃቸው ብቻ ብርዱ ከከተማው ወጥቶ ሄደ ማለት አይደለም። ሲገፉት ይመለሳል። በተለይ እንደ አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል ያሉት የልብ ምትን የሚቀንሱ መድኃኒቶች በድንገት ሲቋረጡ ግፊቱና የልብ ምቱ ከበፊቱ ብሶ ሊነሣ፣ የደረት ሕመምም ሊያስከትል ይችላል።

ስለ ብርድ ካነሣን አይቀር፣ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ሰውነት ሲበርደው የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ግፊቱም ከፍ ይላል። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚለካው ግፊት በሞቃቱ ወር ከተለካው ቢበልጥ አይግረማችሁ፤ ለሐኪሙ ግን ንገሩት። ሌላው ችግር ልብሱ ነው። ጋቢ፣ ከሥሩ ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ! ከዚያ ሁሉ ላይ የታሰረ መለኪያ ትክክል አይነግራችሁም። እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስቦ ማጥበቅም ያው ነው። አንዱን እጅ ከልብሱ አውጡና ጋቢውን በትከሻቸው ላይ ጣል አድርጉላቸው። ወንበር ላይ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ ሁለት እግራቸውን መሬት አስረግጠው፣ ክንዳቸውን በልባቸው ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ይለፍ፤ ሽንታቸውንም ቀድመው ይሽኑ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክታችሁ ሁለቱንም ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር በደብተር ጻፉ። እየለኩ ወሬ የለም፤ ለበዓል ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ቤት ውስጥ ደጋግሞ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መድኃኒቱ እንደገና ሊታይ ይገባል።

ወደ ክኒኖቹ እንምጣ። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚተወው በሰውነቱ ላይ ያየውን ለውጥ የሚያስረዳው ስላጣ ነው። ኢናላፕሪል የሚወስዱ አንዳንድ ሰዎች ላይ የማይለቅ ደረቅ ሳል ይመጣል። አንኮበር ላይ የሚስል ሰው ምን ይባላል? «ብርድ መትቶት ነው» ይባላል። ዝንጅብል ይፈላል፣ የሳል ሽሮፕ ይገዛል፣ ወር ሙሉ ይሳላል፤ በመጨረሻ የሚያውቅ ሰው ክኒኑን አይቶ በሌላ ሲያስቀይረው ሳሉ ይጠፋል። ሳሉ አደገኛ አይደለም። ነገር ግን ያንኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከንፈሩ፣ ምላሱ ወይም ፊቱ ድንገት ካበጠ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያችው ደቂቃ ወደ ሆስፒታል ነው።

አምሎዲፒን ደግሞ ቁርጭምጭሚትን ሊያሳብጥ ይችላል። እናቶች እግራቸው ሲያብጥ «ኩላሊቴን ጨረሰው» ብለው ደንግጠው ያቆሙታል። እብጠቱ በብዛት ከኩላሊት ጋር አይገናኝም፤ መጠኑን በመቀነስ ወይም መድኃኒቱን በመቀየር ይስተካከላል። ግን በራሳቸው አያቁሙት፤ የእግር እብጠት የልብ ድካምም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ሽንት የሚያሸኑት፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፍሮሴማይድ (ላሲክስ የሚባለው)፣ በጠዋት ቢወሰዱ ይሻላል። ማታ የወሰዱ አዛውንት በዚያ ውርጭ ሌሊት ሦስት ጊዜ ይነሣሉ። በግፊት ክኒን ላይ ያለ ሰው ከተኛበት ተስፈንጥሮ ሲነሣ ግፊቱ ድንገት ይወርድና ያዞረዋል፤ መጸዳጃው ግቢ ውስጥ ከሆነ በጨለማ መውደቅ አለ፣ የዳሌ አጥንት ስብራት አለ። አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተቀምጠው፣ እግራቸውን አወዛውዘው፣ ከዚያ ይነሡ። የእጅ ባትሪ ከትራሳቸው አጠገብ ይኑር። አውቶቡስ የሚሳፈሩ ቀን ብዙዎቹ ይህን ክኒን ጨርሶ ይተዉታል፤ መንገድ ላይ ማን ያወርደኛል ብለው ነው፤ እውነታቸውን ነው። ሲደርሱ ቢወስዱት ይቻል እንደሆነ ሐኪማቸውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ መተዉ ግን ልማድ አይሁን።

የልብ ድካም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ሚዛን ቢኖር ከብዙ ምክር ይበልጣል። በየጠዋቱ ሽንት ከሸኑ በኋላ፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ ያለ ጋቢ ይመዘኑ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎና ከዚያ በላይ ከጨመሩ፣ ወይም በአንድ ትራስ መተኛት ትተው ሦስት ትራስ መደራረብ ከጀመሩ፣ ውኃ እየተጠራቀመ ነው፤ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል። ዲጎክሲን ለሚወስዱ ክኒኑን ከመስጠታችሁ በፊት የእጃቸውን የደም ሥር ይዛችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከ60 በታች ከሆነ፣ ወይም ምግብ አስጠልቷቸው ካስመለሳቸው፣ ወይም ነገር ሁሉ ቢጫ ከመሰላቸው ሳትሰጡ ሐኪሙን አነጋግሩ።

ሌላው ውጭ ሀገር ያሉ ልጆች የሚልኩት መድኃኒት ነው። ከአሜሪካ የመጣው «ኖርቫስክ» እና ከደብረ ብርሃን ፋርማሲ የተገዛው አምሎዲፒን አንድ መድኃኒት ናቸው። ሊሲኖፕሪልና ኢናላፕሪልም ስማቸው ቢለያይም የአንድ ቤተሰብ ናቸው። እናታችሁ «የልጄን ጠዋት፣ የመንግሥቱን ማታ» ብለው ሁለቱንም ሲወስዱ ከቆዩ እጥፍ መጠን ወስደዋል ማለት ነው። ሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒቱ ጠፍቶ ከውጭ ሲገዛም የክኒኑ ቀለምና ቅርጽ ይቀየርና አዲስ መድኃኒት የተጨመረላቸው ይመስላቸዋል። ስለዚህ በሄዳችሁ ቁጥር ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉት። ማሸጊያው ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ዋና ስም አንብባችሁ በትልልቁ በአማርኛ ጻፉበት፤ «ለግፊት፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ አንድ ፍሬ» ብላችሁ። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር አድርጉት፤ በፈረንጅ ሰዓት የተጻፈ መመሪያ ለብዙ ቤት ጣጣ ሆኗል።

ጨው ብዙ የሚያከራክር ነው። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረች ጊዜ የአፋር ነጋዴዎች ከአሳል ሐይቅ የተነሣ ጨው በግመል ጭነው ቆላው አፋፍ ላይ ወዳለችው አልዩ አምባ ገበያ ያመጡ ነበር። ያኔ ውድ የነበረው ጨው ዛሬ በየቤቱ ተርፏል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም፤ ወጡ፣ ዳቦው፣ ቆሎው፣ ሁሉም ተደምሮ። በርበሬው ሲደለዝና ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮው ላይም አለ፣ አዋዜው ላይም አለ፣ ከዚያ ወጡ ሲወጣ አንዴ ይጨመራል። ቡናቸውንም በጨው የሚጠጡ አሉ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲደርስ አስቡት። እናቶችን «ጨው ተዉ» ማለት ግን ከንቱ ልፋት ነው። የሚሠራው በርበሬና ሽሮውን ያለ ጨው አስፈጭቶ ጨውን ወጡ ላይ በማንኪያ ለክቶ መጨመር ነው። ውጭ ሀገር ካለ ዘመድ የሚመጣው «ዝቅተኛ ሶዲየም» ጨው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፖታሺየም አለበት፤ ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን ለሚወስድ ሰው አደጋ ሊሆን ይችላልና ሳትጠይቁ አትስጡ።

ጾሙ ሲገባ ሰዓቱ ይዛባል። በቀን አንዴ የሚወሰድ የግፊት ክኒን በአብዛኛው ወደ ጾም መፍቻው ሰዓት ሊዛወር ይችላል፤ ዋናው ነገር በየቀኑ በዚያው ሰዓት መሆኑ ነው። በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚወሰድ ግን ችግር አለው፤ ሐኪሙም የንስሐ አባቱም አስቀድመው ይጠየቁ። በልማድ የንስሐ አባቶች ለታመመ ሰው መፍትሔ ይሰጣሉ፤ የሚያስቸግሩት አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ታማሚዎቹ ናቸው። ረመዳን ለሚጾሙ ቤተሰቦችም ስሑርና ኢፍጣር ላይ ማስተካከሉ ወሩ ሳይገባ ከሐኪም ጋር መመካከርን ይጠይቃል።

ዋርፋሪን ለሚወስዱ ጾም ሌላ ጉዳይ ያመጣል። በሀገራችን በሕፃንነታቸው በቶንሲል ሕመም ምክንያት የልብ በራቸው የተጎዳ ብዙ ወጣቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ሰው ሠራሽ የልብ በር ገብቶላቸው ይህን ደም ማቅጠኛ ዕድሜ ልካቸውን ይወስዳሉ። ጎመን የዋርፋሪንን ኃይል የሚቀንስ ቫይታሚን ኬ በብዛት አለው። በፍስክ ጎመን ቀምሶ የማያውቅ ሰው በሁዳዴ 55 ቀን በየቀኑ ጎመን ሲበላ ደሙ ይወፍራል፣ ሊረጋም ይችላል። ሲፈታ ደግሞ ተገላቢጦሽ፤ ጎመኑ ሲቀር መድኃኒቱ ይበረታና ድዱ ይደማል። ጎመን አትብሉ ማለት አይደለም። ጾምም ፍስክም ተመጣጣኝ ይሁን፣ የአይኤንአር ምርመራውም ጾሙ እንደገባና እንደወጣ ይደረግ። በዚያው የሚወስዱት ወርኃዊ የፔኒሲሊን መርፌ ካላቸው በበዓል ሰበብ አይለፍ።

ጸበልን በተመለከተ፣ ሰሜን ሸዋ የሸንኮራ ዮሐንስና የጻድቃኔ ማርያም ሀገር ነው። ሰው ሄዶ ሳምንትም ወርም ይሰነብታል፤ ብዙዎች ክኒኑን ቤት ትተው ይሄዳሉ፣ መያዝ እምነት ማጉደል መስሏቸው። በኤችአይቪ ዘመን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ስለዚህ አትከራከሩ፤ የሚሰነብቱበትን ቀን ቆጥራችሁ፣ የሳምንት ክኒን መያዣ ሳጥን ሞልታችሁ፣ ከጸበል መቅጃው ዕቃ ጋር በአንድ ቦርሳ አስይዟቸው።

ጉልበት ሲቆረጥም ዲክሎፌናክ መርፌ፣ ራስ ሲያም አይቡፕሮፌን ይገዛል። ሁለቱም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ ከግፊት ክኒንና ከሚያሸናው ጋር ሲደራረቡም ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ ፓራሲታሞል ይቅደም። አረቄው? በሀገሩ የሚከበር ነገር ነው፤ ለግፊት ግን ወዳጅ አይደለም።

ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርዱትንም አስቡ። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጣርማበርን አልፎ ሸዋ ሮቢት ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ ወደ 1,300 ገደማ ሙቀት ማለት ነው። በሙቀቱ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ላብ ይወጣል፣ የሚያሸናው ክኒንም ውኃ ያስወጣል። ለለቅሶ የወረዱ አባት ድንኳን ውስጥ ቢወድቁ ምክንያቱ ሐዘን ብቻ ላይሆን ይችላል። በተቅማጥና በትውከት ጊዜም እንዲሁ ነው፤ ክኒኑ ለጊዜው ይቀነስ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ።

ነፍሰ ጡር ልጅ ወይም ምራት የእናትን ኢናላፕሪል ተካፍላ እንዳትወስድ፤ ፅንሱን ይጎዳል፤ ለእርግዝና የተለየ መድኃኒት አለ።

አንድ ቀን ክኒን ከተረሳ እንዳስታወሱ ይውሰዱ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ የተረሳውን ይለፉት እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ አይዋጡ። ፊታቸው በአንድ ወገን ከተንጋደደ፣ አንድ እጃቸው አልነሣ ካለ ወይም ንግግራቸው ከተሳሰረ ግን በጭራሽ ተጨማሪ የግፊት ክኒን አትስጡ፤ አስፕሪንም አትስጡ፤ ውስጥ ላይ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ጻፉ፣ በቀይ መስቀል ቁጥር 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ፣ ያንን የመድኃኒት ከረጢት ከነደብተሩ ይዛችሁ ውጡ። ግፊቱ 180/120 ደርሶ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የዓይን ብዥታ ካለም እንዲሁ አድርጉ። ይህን ቁጥር ዛሬውኑ በእናታችሁ ስልክ ላይ አስገቡትና ጎረቤታቸው እንዴት እንደሚደወል እንዲያውቅ አድርጉ፤ እናንተ 130 ኪሎ ሜትር ርቃችሁ ነው ያላችሁት።