ሠርገኛ ሲመጣ በርበሬ መቀንጠስ

በ2012 ዓ.ም. የሕማማት ሰሞን፣ በኮሮና የተነሣ ምእመናን በየቤታቸው እንዲጸልዩ ተነገረ። እኔም ቤት ቀረሁ፤ ግን ምን ብዬ ልጸልይ? ለዓመታት ጸሎቱን ለቄሱ፣ ጾሙን ለእናቴ ትቼ የኖርኩ ክርስቲያን ነበርኩ።

እናቴ ግን አልተደናገጠችም። እንደ ወትሮዋ ማልዳ ተነሥታ ዳዊቷን ደገመች፣ ሰገደች፤ ከዚያም ሥራ ለፈታችው ጎረቤታችን ሽሮ ሰፍራ ላከች። ለእርሷ አዲስ የሆነው መከራው እንጂ ጸሎቱ አልነበረም።

የእኛ ነገር ግን ይገርማል። ኑሮ ሲከፋና በሽታ ሲጸና የምንሮጠው ወደ ተአምር ነው። ፈዋሽ ነኝ ባይ ተነሣ ከተባለ አገር አቋርጠን እንሄዳለን፤ ረቡዕና ዓርብን መጾም ግን «የአሮጊቶች ነገር ነው» እንላለን። ይህ እምነት ነው? «ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንጂ!

የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ምጽዋትን፣ ጸሎትንና ጾምን አከታትሎ ያነሣል፤ ሦስቱም በስውር እንዲደረጉ ያዛል። መድረክም ድምፅ ማጉያም አያሻቸውም። ምናልባት የናቅናቸውም ለዚሁ ይሆናል።

«ጸሎት እንጀራ ይሆናል ወይ?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አይሆንም። የእናቴ ጸሎት ኮሮናን አላባረረም። እርሷን ግን ከድንጋጤ ጠብቋታል፤ ከጾሟ የተረፈውም ለጎረቤት ማዕድ ሆኗል። ይህ ትንሽ ነገር ነውን?

እኔም ከዚያ ወዲህ በየጧቱ አንዲት አቡነ ዘበሰማያት ለምጃለሁ። የምሰንፍበት ቀን አለ፤ ግን አልተውኳትም። የክፉ ቀን ስንቅ የሚሰነቀው በደህናው ቀን ነውና።